ክረምትና የገብረ ክርስቶስ ደስታ አረንጓዴ ሥዕል

ወሰን አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ነሐሴ ላይ ጠዋት በር ስትከፍቱ የእንጦጦ ተራራ የለም፤ ጉም ውጦታል። ባሕር ዛፉ እዚህም እዚያም እንደ ጥቁር ሰረዝ ብቅ ይላል፤ ሣሩ ደግሞ ዓይን እስኪወጋ አረንጓዴ ነው። ቅርጽ ጠፍቶ ቀለም ብቻ ይቀራል። ይህን እያየ ያደገ የአዲስ አበባ ሰው አብስትራክት ሥዕል ፊት ቆሞ «ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» ሲል ሁሌም ይገርመኛል።

ክሱ የቆየ ነው። ከማንም በላይ የተከሰሰበትም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጀመረውን የእርሻ ትምህርት ትቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሥዕል ሊማር ወደ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ሄደ። ተመልሶ ሥራዎቹን ሲያሳይና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምር፣ አንዳንዱ አደነቀው፤ ሌላው «ታዲያ ኢትዮጵያዊነቱ የቱ ላይ ነው?» አለ።

እውነት ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ወደ አብስትራክት ከተገባባቸው በሮች አንዱ ክረምት ነው። ካንዲንስኪ በ1909 ባቫሪያ ውስጥ ሙርናው በምትባል ከተማ የበረዶ መልክዓ ምድር ሲሥል፣ በረዶውን ነጭ አላደረገውም፤ ሮዝ፣ ሰማያዊና ቢጫ ቀባው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቤቱንም ዛፉንም ጨርሶ ተወው። ገብረ ክርስቶስ ጀርመን ውስጥ ያገኘው ይህን ውርስ ነው።

ግን ሁለቱን ክረምት በአንድ ቃል የጠራናቸው እኛው ነን። የእነሱ ዛፉን ያራቁታል፤ የእኛ ምድሩን ያለብሳል። የ1966ቱን «አረንጓዴ አብስትራክት» ሳይ የሚታየኝ የኮሎኝ በረዶ ሳይሆን ዝናብ የጠገበ መሬት ነው። ሠዓሊው ክረምት ብሎ አልሰየመውም፤ ንባቡ የራሴ ነው፣ የማይስማማ ይሟገተኝ።

ደግሞስ ቅርጽ አልባ ሥዕል ለእኛ መቼ እንግዳ ሆነ? አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍት ሥዕል የሚሥሉ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። በብራናው ገጽ ራስ ላይ የሚጠላለፈው ሐረግ ሰውም ዛፍም አይደለም፤ መስመርና ቀለም ነው። ልጅየው ይህን ቤቱ አይቶ ነው ያደገው። ያም ሆኖ «ጎልጎታ»ን የመሰለ፣ ስቅለቱን በቀይ ቀለም ያጥለቀለቀ ሥራ በ1963 ሲሠራ «ከባህሉ የወጣ» ተባለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት በ1965 ቢሰጠውም ሐሜቱ አልቆመም።

በደርግ ዘመን ከአገር ወጣ። «ሀገሬ»ን የጻፈው ይህ ሰው በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ፤ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ውጭ ከቀሩት ሥራዎቹ ጥቂት የማይባሉት ቆይተው ተመልሰዋል፤ ዛሬ ስድስት ኪሎ፣ በስሙ የተሰየመው የዩኒቨርሲቲው ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ከወሰን ሁለት ታክሲ ነው።