ሶኒ በችሎት ተሸንፎ በገበያ ያሸነፈበት ክስ

የድሮ የፕሌይስቴሽን ጨዋታ በኮምፒውተር መጫወት የሚፈልግ ሰው ኢሙሌተሩን ሲከፍት ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ የባዮስ ፋይሉ የት አለ? ባዮስ ኮንሶሉ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው፣ በቺፕ ላይ የተጻፈ መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። መጠኑ 512 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልክ ከምናነሳው አንድ ፎቶ ያንሳል። ይህች ትንሽ ፋይል ግን ትልቅ ሙግት አስነስታለች።

እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ ኮኔክቲክስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ የፕሌይስቴሽን ጨዋታ በማኪንቶሽ ላይ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ይዞ ብቅ አለ። ሶኒ ወዲያውኑ ከሰሰ። ኮኔክቲክስ የሶኒን ባዮስ ገልብጦ ማጥናቱን አልካደም። ለገበያ ያቀረበው ምርት ግን በራሱ ባለሙያዎች የተጻፈ እንጂ የሶኒ ኮድ ያለበት አልነበረም።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለሶኒ እግድ ሰጠ። በየካቲት 2000 ግን የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እግዱን ሻረ። አሠራሩን አጥንቶ አዲስ ነገር ለመሥራት ሲባል መገልበጥ ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው አለ።

ታዲያ ማን አሸነፈ? በ2001 ሶኒ ያንኑ ሶፍትዌር ከኮኔክቲክስ ገዝቶ ከገበያ አወጣው። ሌላው ተከሳሽ ብሊምም በክርክሩ ቢቀናውም በዚያው ዓመት ተዘጋ። በሕግ ያልተዘጋው በር በገንዘብ ተዘጋ።

ፍርዱ ግን አልተሸጠም። ዛሬም ብዙዎች በስህተት ይጠቅሱታል። ፍርድ ቤቱ የፈቀደው አጥንቶ እንደገና መጻፍን ነው፤ የሶኒን ባዮስ እንዳለ ማደልን አይደለም። የአሜሪካው 1001፣ የጃፓኑ 5500፣ የአውሮፓው 5502 እየተባለ ከጨዋታው አገር ጋር እየተመሳከረ የሚመረጠው ፋይል አሁንም የሶኒ ንብረት ነው። ንጹሑ መንገድ ከራስ ኮንሶል ቀድቶ ማውጣት፣ ወይም እንደ ኦፕንባዮስ ያለ ከዜሮ የተጻፈ ምትክ መጠቀም ነው። ምትኩ ሁሉንም ጨዋታ ላያስኬድ ይችላል፤ ኮንሶሉም እያረጀ ነው።

ሕጉ የኩባንያውን መብት ጠብቋል። ጨዋታዎቹን ለቀጣዩ ትውልድ የማቆየቱ ሥራ ግን ባለቤት አላገኘም። እስካሁን የተሸከሙት ያለ ደመወዝ የሚሠሩ አፍቃሪዎች ናቸው።