የአንኮበር እህትማማቾች

እስቲ ስሙኝማ፣ ስለ ሁለት ወፎች ላውጋችሁ። እህትማማች ናቸው፤ ሁለቱም ትንንሽ፣ ሁለቱም ፍሬ ለቃሚ፣ ሁለቱም ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኙ። አንዷ ከአንኮበር በላይ፣ ሌላዋ ከአንኮበር በታች ትኖራለች።

ነገሩ የሚጀምረው ከቆላዋ ነው። ዘመኑ የምኒልክ ነው። አንኮበር አጠገብ፣ ልጥ ማረፊያ ላይ፣ የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር ጣቢያ ነበረው። እዚያ የነበረው ሐኪም ራጋዚ ወፍ እያደነ ወደ አገሩ ይልካል። ከላካቸው መካከል ገላዋ ግራጫ፣ ጉሮሮዋ ላይ ቢጫ ጣል ያለባት አንዲት ነበረች። ሳልቫዶሪ የተባለው የአዕዋፍ ሊቅ በ1888 እ.ኤ.አ. ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ የሚያያት ጠፋ። መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል እንዲያውም «ራሷን የቻለች ዘር አይደለችም፣ የሌሎች ወፎች ዲቃላ ትሆናለች» የሚል ጥርጣሬ መጣባት።

ደጋዋስ? የሷ ደግሞ ይብሳል፤ መኖሯን እንኳ የጻፈ አልነበረም። 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ነፋስ በሚገርፈው ገደል አፋፍ ናት። ቢጫ የሚባል ነገር የላትም፤ ቡናማና ዝንጉርጉር፣ አፈሩን መስላ በመንጋ መሬት ለመሬት ትለቅማለች። ድንገት ስትደነግጥ መንጋው አንድ ላይ ብድግ ብሎ ወደ ገደሉ ይወረወራል፤ ዓይን ሳይከተለው ይሰወራል። ራጋዚም ሌላውም እግሩ ሥር እያለች ሳያያት አልፎ ይሆናል! እንግሊዛዊው ጆን አሽ ያገኛት በ1976 ነው፤ በ1979 በአንኮበር ስም ተሰየመች።

አሁን ልብ በሉልኝ፤ ያው ጆን አሽ በ1989 ከባልደረባው ጋር ወደ ቆላው ወርዶ ጉሮሮ ቢጫዋን በሕይወት አገኛት። የዲቃላነቱም ወሬ በዚያው ከሰመ።

ደጋዋን የሚያሰጋት እስከ አፋፉ የደረሰ ማረሻ፣ ልቅ ግጦሽና ባሕር ዛፍ ነው። ቢሆንም ገደሉን ማን ያርሰዋል? ደግሞ በኋላ በሰሜን ተራሮችም ተገኝታለች። እኔን ይበልጥ የምታስጨንቀኝ የቆላዋ ናት። ክልሏ ጠባብ ነው፤ መኖሪያዋ የግራር ቁጥቋጦ፣ የግራሩ ዕጣ ደግሞ ማገዶ፣ ከሰልና አዲስ ማሳ። በዚያው ቆላ ላለው የአልዩ አምባና የመልካ ጀብዱ ገበሬ ሌላ ማገዶ ሳያቀርቡ «ግራሩን አትንካ» ማለት ግን ግፍ ነው። ወፊቱን ማዳን የሚፈልግ አስቀድሞ ስለ ምድጃው ያስብ።