ሥጋ ደዌ ጣት አይቆርጥም፤ ታዲያ ምንድን ነው የሚያደርገው? የነርቭና የጠባቂው ሴል ታሪክ



ጎህ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙትን ላሊበሎች ታውቋቸዋላችሁ። አንዳንዱ አገር "ሀሚና" ይላቸዋል። ባለቤቱን በስሙ ጠርተው ያወድሳሉ፤ የተሰጣቸውን ተቀብለው መርቀው ይሄዳሉ። ለምን እንደሚያዜሙ ሲጠየቅ ከጥንት የሚነገረው ምክንያት አንድ ነው፦ ዜማውን ካቋረጡ ሥጋ ደዌ ይወጣባቸዋል ተብሎ ስለሚታመን። በሽታው በዘር የሚወርድ እርግማን ነው የሚለው ፍርሃት በአገራችን ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሕክምናው መልስ የተገኘው ግን ከዘር ሳይሆን ከነርቭ ውስጥ ነው። ዛሬ ይህንን ታሪክ ላጫውታችሁ።

🔹 ነርቭና "መቀነቱ"

ከጀርባ አጥንታችን ተነስቶ እስከ እጅና እግር ጣት የሚደርሰው ነርቭ ብቻውን አይኖርም። ረጅሙን የነርቭ ክር ከዳር እስከ ዳር የሚያጅቡት ሌሎች ሴሎች አሉ። ሹዋን ሴል ይባላሉ፤ ስማቸው በ1839 እ.ኤ.አ. ስለ ሴል ታላቅ ሥራ ካሳተመው ጀርመናዊው ቴዎዶር ሹዋን የመጣ ነው።

እናቶቻችን መቀነት ወገባቸው ላይ ደጋግመው እንደሚጠመጥሙት፣ ሹዋን ሴልም ወፍራሙን የነርቭ ክር በስብ የበለጸገ ሽፋን ይጠመጥመዋል። በአንዱ መቀነትና በሚቀጥለው መካከል ትንሽ ክፍተት አለ። መልእክቱም ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይሮጣል። ለዚህ ነው በደንብ የተጠመጠመ ነርቭ በሰከንድ እስከ 100 ሜትር ገደማ ሲያስተላልፍ፣ ያልተጠመጠመው ቀጭን ክር 1 ሜትር ገደማ ብቻ የሚሄደው።

ሁለቱ ይነጋገራሉም። መቀነቱ ምን ያህል ይወፍር የሚለውን ምልክት የሚሰጠው ነርቩ ነው፤ ሹዋን ሴል ደግሞ ነርቩን ይደግፋል፣ ይመግባል። በ1850 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም ኦገስተስ ዎለር የእንቁራሪት ነርቭ ቆርጦ ሲመለከት፣ ከምንጩ የተለየው ክፍል ቀስ በቀስ ሲፈርስ አየ። በኋላ እንደታወቀው፣ ፍርስራሹን የሚያጸዳውና ለአዲሱ ክር መንገድ የሚጠርገው ይኸው ሹዋን ሴል ነው። አዲሱ ክር የሚያድገው ግን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክርን ላይ የተጎዳ ነርቭ እስከ ጣት ለመድረስ ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅበት ይችላል ማለት ነው። ይህንን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

🔹 ጠላት በጠባቂው ቤት

በ1873 እ.ኤ.አ. ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ አርማወር ሀንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ አገኘ። በሽታው የዘር ሳይሆን የተህዋስ መሆኑ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ይህ ባክቴሪያ እጅግ ዝግተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ምልክቱ ከተያዙ ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍልም ይወዳል። ከሁሉ በላይ ግን የሚኖርበት ቤት ሹዋን ሴል ነው። ሹዋን ሴሉ ራሱን ከዙሪያው ጋር የሚያያዝበትን ፕሮቲን እንደ በር እጀታ ይዞ እንደሚገባ ተመራማሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። የሰውነታችን መከላከያ ሊያጠቃው ሲነሳ ነርቩ ውስጥ እብጠት ይፈጠራል፤ ነርቩም ይታነቃል። ብዙ ጊዜ ዋናውን ጉዳት የሚያደርሰው ይህ እብጠት ነው።

ለዚህም ነው ለቆዳ ቅርብ የሆኑት የክርን፣ የጉልበት፣ የቁርጭምጭሚትና የፊት ነርቮች ቀድመው የሚጎዱት።

🔹 ታዲያ ጣት ለምን ያጥራል?

ሥጋ ደዌ ጣት አይቆርጥም። የሚወስደው ሕመምን ነው። ሕመም ደግሞ ዘበኛችን ነው።

የዳባት ወይም የደባርቅ እናት እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ቢያቃጥላት እጇን ትመነጭቃለች። የማይሰማት እጅ ግን እዚያው ይቆያል። በባዶ እግሩ የሚያርስ አባት እሾህ ቢወጋው ሳያውቅ ሲረግጠው ይውላል። ቁስሉ ያመረቅዛል፣ አጥንት ይነካል፣ ጣት እያጠረ ይሄዳል። በሕንድ ቬሎር ይሠራ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዓለም ያስረዳው ይህንኑ ነው፦ የደነዘዘን እጅና እግር ከጠበቅነው ጣቱ ይተርፋል።

🔹 በአገራችን

ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በአገራችን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሰው ተለይተው እንደማይኖሩ፣ ስለ ነፍሳቸው ብለው ቁስላቸውን የሚያጥቡላቸው ሰዎችም እንዳሉ ጽፏል። ማግለል ብቻ አይደለም የወረስነው፤ ይህም የኛ ነው።

በአዲስ አበባ የዘነበወርቅ ሆስፒታል በ1930ዎቹ ተመሠረተ። በዚያው ስፍራ በ1965 እ.ኤ.አ. አለርት፣ በ1970 ደግሞ በሀንሰን ስም የተሰየመው የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ተቋቋሙ። የዓለም ጤና ድርጅት ጥምር መድኃኒቱን በ1981 አጸደቀ፤ በ1983 አገራችን ገባ። ሕክምናው እንደ ደረጃው 6 ወይም 12 ወር ይወስዳል፤ መድኃኒቱ በነጻ ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. በአገር ደረጃ የታማሚው ቁጥር ከ10 ሺህ ሰው ከአንድ በታች ወረደ። ብዙዎች "ጠፍቷል" ያሉት ያኔ ነው። አልጠፋም። ዛሬም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚ ይመዘገባል፤ ከእነዚህም ሕጻናት አሉበት።

🔹 ወላጆች፣ ይህንን አስተውሉ

✅ ከቀሪው ቆዳ የነጣ ወይም የቀላ፣ የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት
✅ የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ፣ ዕቃ ከእጅ ማምለጥ፣ እግር መጎተት
✅ የማያም ቁስል ወይም ቃጠሎ
✅ አልከደን ያለ ዓይን

ጥጥ አሹላችሁ፣ የልጁን ዓይን ሸፍናችሁ ምልክቱን ነካ አድርጉት። "የቱ ጋ ነካሁህ?" በሉት። ካልተሰማው ነገ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መደንዘዝ ሁሉ ሥጋ ደዌ አይደለም፤ ስኳር በሽታም ነርቭ ይጎዳል። የሚለየው ምርመራ ነው።

ያ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ትዝ ይላችኋል? ነርቭ ቸኩሎ አይመለስም፤ ጨርሶ ከሞተም ላይመለስ ይችላል። ድንዛዜው ወይም ድካሙ ከጀመረ 6 ወር ሳይሞላው ከመጣችሁ ግን እብጠቱን በመድኃኒት አስታግሶ ነርቩን የማትረፍ ዕድል አለ። መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያዝ አትጀምሩ።

ጸበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። መድኃኒት የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል፤ ስለዚህ ከገበታችሁ አታርቁት። አብረውት የሚኖሩትም ይመርመሩ። "ቆማጣ" የሚለውን ቃል ደግሞ ከአፋችን እናውጣ፤ ብዙ ሰው ምልክቱን ደብቆ ነርቩ እስኪሞት የሚጠብቀው ይህንን ስድብ ፈርቶ ነው።

ለሚያስፈልገው ሰው እንዲደርስ ሼር አድርጉልኝ።