ሻሮን ጆንስ፣ ስምንት ትራክና እኛ

እኛ በኪቦርድ ያደግን ትውልድ ነን። ከሰርግ ቤት እስከ ካሴት፣ ከበሮውም ቤዙም ሳክስፎኑም የሚወጣው ከአንድ ሰው ጣት ነበር። ስለዚህ የሻሮን ጆንስና የዳፕ ኪንግስን የስቱዲዮ የቀጥታ ቅጂ ያገኘን ቀን መጀመሪያ የገረመን ድምጿ ሳይሆን የክፍሉ መጨናነቅ ነው። ከበሮ፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ትራምፔት፣ ሳክስፎን፤ ሁሉም ተፋፍገው፣ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ይጫወታሉ። ድምፁ የ1960ዎቹ ነው፤ ሰዎቹ ግን የእኛው ዘመን ሰዎች ናቸው። እንዴት ሆነ?

ታሪኩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጄምስ ብራውን በ1960ዎቹ ጊታሩንም ትራምፔቱንም እንደ ከበሮ ማስመታት ጀመረ። በ1967 የወጣው «ኮልድ ስዌት» የዚህ ዋና ምልክት ነው። ሻሮን የተወለደችው በ1956፣ ብራውን ባደገባት ኦገስታ፣ ጆርጂያ ነው። በቤተ ክርስቲያን ዘመረች፣ በሰርግ ባንድ ዘፈነች፤ በሩ ግን አልተከፈተላትም። አንድ የሙዚቃ ኩባንያ ሰው ጠቆርሽ፣ ወፈርሽ፣ አጠርሽ፣ አረጀሽ እንዳላት ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። እንጀራ ነውና፣ በኒውዮርኩ ራይከርስ አይላንድ እስር ቤት ጠባቂ ሆነች፤ ገንዘብ የሚያጓጉዝ መኪናም ጠበቀች። በ1996፣ በ40 ዓመቷ፣ ለዘፋኙ ሊ ፊልድስ ተቀባይ ሆና ስቱዲዮ ስትገባ ጋብርኤል ሮት ሰማት።

ሮትና ሳክስፎን ተጫዋቹ ኒል ሹገርማን ዳፕቶን ሪከርድስን አቋቋሙ፤ የሻሮንና የባንዱ የመጀመሪያ አልበምም በ2002 ወጣ። ብሩክሊን ውስጥ አንድ አሮጌ መኖሪያ ቤት ይዘው በገዛ እጃቸው ስቱዲዮ አደረጉት፤ የኤሌክትሪክ ሥራው ላይ ሻሮንም እጇ አለበት። መቅጃቸው ስምንት ትራክ ያለው ቴፕ ነበር። በኮምፒውተር የፈለጉትን ያህል ድምፅ መደራረብ ይቻላል። በስምንት ትራክ ግን ቦታ መጋራት ግድ ነው፤ አንዱ ከሳተ ሌሎቹም አብረውት እንደገና ይጀምራሉ። ያ ሙቀት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሁሉም የጎረቤቱን ጆሮ ሆኖ ይሰማል።

በ2006 ዳፕ ኪንግስ በኤሚ ዋይንሃውስ «ባክ ቱ ብላክ» ላይ ተጫወቱ፤ «ሪሃብ»ን ጨምሮ። ኤሚ በ2008 አምስት ግራሚ ወሰደች። ዓለም የሻሮንን ባንድ የሰማው፣ ሻሮን የሌለችበት አልበም ላይ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። ያው የአሜሪካ ሙዚቃ በሸክላና አስመራ በነበረው የቃኘው ጦር ሰፈር ሬዲዮ በኩል እኛም ዘንድ ገብቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ከፈተ። ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣው ዓለማየሁ እሸቴ የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን ተባለ። አዲስ አበባም የራሷ የተጨናነቀ ክፍል ነበራት ማለት ነው። ከ1974 በኋላ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አነቀው፤ አምሃም ተሰደደ። ቀስ በቀስ ባንዱ ወንበሩን ለኪቦርድ ለቀቀ።

የሚገርመው መልሱ ነው። ዳፕቶን በ2005 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣለት ዘ ቡዶስ ባንድ፣ የስታተን አይላንድ ልጆች ስብስብ፣ ከአዲስ አበባ የ1960ዎቹና 70ዎቹ ሙዚቃ በግልጽ ይቀዳል። ብድሩ ተመለሰ እንበል?

እኛ ግን ሌላ ነገር ያሳስበናል። አሮጌውን ድምፅ በናፍቆት መስማት ቀላል ነው፤ ሸክላው አለ፣ ሲዲው አለ። የጠፋብን አሠራሩ ነው፦ ሰዎችን አንድ ክፍል ሰብስቦ፣ ከፍሎ፣ አስለምዶ መቅዳት። ዳፕቶኖች የቀዱት ይህንን ነው። ሻሮን በ2016 በካንሰር ስታርፍ ከመጀመሪያ አልበሟ ገና 14 ዓመት ነበር። ዘግይቶ ቢሆንም የሚያጅባት ባንድ አግኝታለች። በየሰርግ ቤቱ ለኪቦርድ የሚዘፍኑት የእኛዎቹ ሻሮኖች ግን ማን ይሰማቸዋል?