ማኅበርን የሚያጸናው ምንድን ነው? ከዕድር ጡሩምባ እስከ ቴሌግራም ቡድን



በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች የአዲስ አበባ አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። በዚያው ዓመት በአካባቢው ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎች ተበትነዋል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀርበው መገናኛ በእጅ ስልክ ላይ ያለው የቴሌግራም ቡድን ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል፦ ሰፈር ሲፈርስ ማኅበር በስልክ ብቻ ጸንቶ ሊቆም ይችላልን? ለመልሱ ከዚሁ አካባቢ ጋር የተሳሰሩ ሦስት ማኅበራትን ታሪክ እጠቅሳለሁ።

የመጀመሪያው ዕድር ነው። ስለ አጀማመሩ ምሁራን ቢለያዩም፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ ከፈለሰው ሕዝብ ኑሮ ጋር አብሮ መስፋፋቱ ብዙ አያከራክርም። ከዘመድ የራቀ ሰው “ስሞት ማን ይቀብረኛል?” ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዕድር ለዚህ አንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። አባሉ በስም ተመዝግቦ ይታወቃል፤ በየወሩ ያዋጣል፤ ጡሩምባ ሲነፋ ይወጣል። በቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ደግሞ ለአባላቱ ሒሳብ ያቀርባሉ።

በ1950ዎቹ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ወደ ሰፈር ልማት መግባት ጀምረው ነበር። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የወረሰበትን አዋጅ ካወጣ በኋላ ቀበሌዎች ይህን ሚና ያዙት፤ ዕድርም ወደ ቀብሩ ተመለሰ። በጊዜው ሥልጣኑን የተገፈፈ ቢመስልም፣ ማንም ሊወርሰው የማይሻውን ሥራ ይዞ በመቅረቱ ሥርዓተ መንግሥት ሲለዋወጥ እሱ ኖረ።

ሁለተኛው ስሙን ከዛሬዋ ሰበታ ክፍል ከዓለም ገና የወሰደው፣ ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ ያለውን መንገድ ለማሠራት በ1950ዎቹ የተቋቋመው ማኅበር ነው። ዶ/ር ፈቃዱ ገዳሙ በጥናታቸው እንዳመለከቱት፣ ማኅበሩ የአንድ ብሔረሰብ ሳይሆን በመንገዱ ተጠቃሚ የሆኑ ልዩ ልዩ ብሔረሰቦች ተወላጆች ስብስብ ነበር። በቋንቋና በሃይማኖት የሚለያዩ ሰዎችን ያስተሳሰረው የጋራ ጥቅምና የጋራ መዋጮ ነው። መንገድ ግን መጨረሻ አለው፤ ተሠርቶ ሲያልቅ የመዋጮውም ምክንያት አብሮ ያልቃል።

ሦስተኛው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ነው። ቱለማ የሰበታና የሱሉልታ ዙሪያን የሚያጠቃልል ሰፊ የኦሮሞ ምድር ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው ይህ ማኅበር፣ ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳን፣ ኃይለ ማርያም ገመዳንና ጄኔራል ታደሰ ብሩን በመሰሉ ሰዎች ጥረት፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ከማሠራት ተነሥቶ እስከ አርሲና ባሌ ደረሰ። በስፋቱና ባነሣው የእኩልነት ጥያቄ ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፤ በ1959 ዓ.ም. መሪዎቹ ታሠሩ፣ ማኅበሩም ታገደ። ይህን የማኅበሩ ድክመት ማለት ስሕተት ይሆናል፤ የዘጋው የመንግሥት ኃይል ነውና። ነገር ግን ዓላማ በሰፋ ቁጥር ማኅበር የሚከፍለው ዋጋም እንደሚከብድ ያስረዳናል።

እንግዲህ ሦስቱን ስናነጻጽር፣ ማኅበርን የሚያጸናው ዘወትር የሚመለስ ግዴታ ሆኖ እናገኘዋለን። ሞት ይመለሳል፤ ስለዚህ ዕድርም ይኖራል። መገናኛው ጡሩምባም ይሁን ስልክ፣ ለጥሪው የሚወጣ ሰው ከሌለ ድምፅ ብቻ ነው።

በበይነመረብ የተመሠረቱ ማኅበረሰቦች ታሪክም ይህን ይደግፋል። በ1985 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የተጀመረው “ዘ ዌል” ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ስለ እሱ የጻፈው ሃዋርድ ራይንጎልድ እንደሚያስረዳው፣ አባላቱ በስማቸው ይተዋወቁ፣ በአካልም ይገናኙ፣ ሲታመሙ ይጠያየቁ ነበር። በእኛም አገር ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ገባ፤ የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ተካተተ። ሁለቱም በአማርኛ ተጽፎ ለመገናኘት መንገዱን ከፈቱ እንጂ በራሳቸው ማኅበር አልፈጠሩም።

ዕድርን ግን እንከን የለሽ አድርጌ አላቀርብም። መዋጮ ያጣን ድኻ ከደጅ ያስቀራል፤ ቦታ ለለቀቀም ሰው ደንቡ ብዙ ጊዜ አይመችም። የስልክ ቡድን ሊጠግነው የሚችለው ይህን የኋለኛውን ነው፦ ቡራዩን ለቆ ሱሉልታ የገባ አባል መርዶውን ይሰማል፣ መዋጮውንም በስልክ ይልካል። ሬሳ መሸከምና ድንኳን መትከል ግን በስልክ አይሆንም። ስለዚህ የተበተነ ዕድር አባላቱን በስልክ ይዞ ቢቆይም፣ የአካሉን ሥራ በየአዲሱ ሰፈር ካለ ዕድር ጋር ተዋውሎ መከፋፈል ይኖርበታል።

ይህ ውል እንዴት ይጻፋል? አባልነትስ ከአንዱ ዕድር ወደ ሌላው እንዴት ይዛወራል? የዕድሮቹ መዝገቦች ከፈራረሱት ቤቶች ጋር ጠፍተው ከመቅረታቸው በፊት፣ ተማሪዎቼ ይህን በመስክ እንድትመረምሩ አደራ እላለሁ።