ሶንጎ ያውቀው የነበረ ንግግር

በጌዴኦ ምድር፣ ጨልባ ቱቱቲ ላይ ከሺህ በላይ ትክል ድንጋዮች አሉ። ድንጋይ ፈልፍሎ፣ ተሸክሞና ጠርቦ ማቆም ከፍ ያለ ሙያ ነው። ያን ሙያ የያዙት ሰዎች እንዴት እንደሠሩት ግን እስከ እኛ የደረሰ ቃል የለም። ድንጋዩ ቀረ፤ ንግግሩ ጠፋ። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የምቆጨው በዚህ ነው።

ሌላው የጌዴኦ ሙያ በቃል ተርፏል። እንሰትን ከቡና፣ ቡናን ከብርብራና ከዋንዛ ጥላ ጋር አስማምቶ ማኖር ለዘመናት ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው በጓሮ ሥራና በወሬ ነው። ክርክር ሲነሳ ደግሞ ሶንጎ አለ፤ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ ጠብ የሚበርድበት ሸንጎ። እዚያ ስለ መሬት የሚናገር ሰው አድማጮቹ መሬቱን ከእሱ እኩል እንደሚያውቁት አይስተውም። ስለዚህ የሚታወቀውን አይደግምም፤ ያልታየውን ያሳያል። ያልሆነ ቢናገር ጎረቤቱ እዚያው ያርመዋል። ሙያዊ ገለጻ ከዚህ የከበደ ፈተና የለውም።

በ1988 ዓ.ም. ዲላ ላይ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ኋላም የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፣ ከዚያም ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ። ዕውቀት ወደ ወረቀት፣ ወረቀትም ወደ ስላይድ ተሻገረ። የጌዴኦ ልጅ በቤቱ ጌዴኦኛ፣ በገበያና በቢሮ አማርኛ ይናገራል፤ ጥናቱን የሚያቀርበው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ጊዜ አንድ የጥናት ገለጻ ላይ ተገኝቼ ነበር። ወጣቱ ስለ እንሰት በሽታ አጥንቷል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስላይዱን ከላይ እስከ ታች አነበበልን። ሰዓቱ ሲያልቅ አንድ ጠያቂ፣ «አንተ የናትህ ጓሮ ውስጥ ምን አየህ?» አለው። ወጣቱ ዞረ፤ በእጁ የቅጠሉን አጠውላለግ እያሳየ ተናገረ። አዳራሹ ያዳመጠው ያን ጊዜ ነው። ያ ልጅ ችሎታው ነበረው፤ ያስተማረው ሰው ግን ቤቱ ያለውን ችሎታ ወደ አዳራሹ ይዞ እንዲገባ አልነገረውም። ያሳዘነኝም ይህ ነው።

መስከረም 2016 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እኔ ይህን እንደ አንድ ትልቅ ገለጻ አየዋለሁ፦ ሽማግሌው ለሚያውቀው ጎረቤቱ የሚናገረውን፣ ጌዴኦን አይቶ ለማያውቅ ኮሚቴ ማስረዳት። በአፍ የነበረው ዕውቀት በካርታ፣ በመዝገብና በምስል ተገለጸ።

ሌላ አድማጭ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሟል። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና ከ2020 ማብቂያ ወዲህ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ መሬት ያልመጣ መሆኑ በእርሻው መገኛ ጭምር መረጋገጥ አለበት። የእኛ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ከሩቅ፣ ከሳተላይት ለሚያይ ሰው ግን ማሳው የቱ፣ ደኑ የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ይህን የሚያስረዳው ሰው የገበሬውን አፍና የቢሮውን ቁጥር አንድ ላይ መያዝ አለበት። ምናልባት ያ ሰው አሁን ዲላ ውስጥ ተቀምጦ የመጀመሪያ ስላይዱን እያዘጋጀ ነው። ከመጻፉ በፊት አንድ ቀን ሶንጎ ሄዶ፣ ስለ ዛፍ የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶች ጉዳያቸውን እንዴት እንደሚያስረዱ ቁጭ ብሎ ቢሰማ እመኛለሁ።