ቴርሞሲፎን፥ ወይም ሙቀት መር ዑደት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1927 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ተሠርቶ ቁጥሩ ከ15 ሚሊዮን ያለፈውን ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለ አሮጌ መኪና በቤቱ ደጅ አቁሞ ራዲያተሩን ሊለውጥ የሚነሣ ሰው፥ ብሎን ከመንካቱ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም ቴርሞሲፎን ነው። ቃሉ ከጽርዕ ልሳን የወጣ ሲሆን፥ ቴርሞስ ትኩስ፥ ሲፎንም ቧንቧ ማለት ነው፤ ነገር ግን «ትኩስ ቧንቧ» ቢሉት ምስጢሩ ተሰውሮ ስለሚቀር፥ እኔ «ሙቀት መር ዑደት» ማለትን እመርጣለሁ። ዑደት ያልሁት፥ በሆሳዕና ካህናቱና ምእመናኑ ቤተ መቅደሱን ዞረው ወደ ተነሡበት እንደሚመለሱ፥ ውሃውም ከሞተሩ ወጥቶ፥ በራዲያተሩ ወርዶ፥ ዳግመኛ ወደ ሞተሩ ስለሚገባ ነው፤ ሙቀት መር መባሉም የሚያዞረው ሙቀቱ ራሱ ስለ ሆነ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ 2,500 ያህል መኪናዎች በቀር ሞዴል ቲ ከፋብሪካ ሲወጣ የውሃ ፓምፕ አልነበረውም። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፥ ሲሰፋም ይቀላል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 998 ግራም የሚመዝነው አንድ ሊትር ውሃ በ80 ዲግሪ 972 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ይህች የ26 ግራም ልዩነት ናት እንግዲህ ሥራውን ሁሉ የምትሠራው፤ ቀዝቅዞ የከበደው ውሃ በታችኛው ቱቦ ወደ ሞተሩ ሲገባ፥ ሞቆ የቀለለውን ሽቅብ እየገፋ በላይኛው ቱቦ ወደ ራዲያተሩ ራስ ያወጣዋል። ሞተሩ በጋለ መጠን ዑደቱም ይፈጥናል፤ ያለ ማሽን እርዳታ ራሱን በራሱ የሚመጥን እንዲህ ያለ ሥርዓት በእውነት የሚደነቅ ነው።

ራዲያተር የሚለወጠው ሲያፈስ ብቻ ይመስላቸዋል ብዙዎች፤ ይሁን እንጂ አሮጌ ራዲያተር አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ከሥራ ውጭ ሊሆን ይችላል። ቀጫጭኖቹን ቧንቧዎች በዙሪያቸው ከተደረደሩት ስስ የብረት ክንፎች ጋር ያያያዘው ብየዳ ከዘመን ብዛት ሲለቅ፥ ሙቀቱ ከቧንቧው ወደ ክንፉ፥ ከክንፉም ወደ ነፋሱ መሻገር ያቅተዋል፤ ክንፉን በጣት ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት በቧንቧው ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ከሆነ፥ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ውሃው ካልቀዘቀዘ አይከብድም፥ ካልከበደም አይወርድም፤ ስለዚህ የክንፉ መላላት ማቀዝቀዙን ብቻ ሳይሆን ዑደቱንም ያደክማል።

የእጅ ሥራው ቀላል ነው። ሞተሩ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ 11 ሊትር ያህል የሚሆነውን ውሃ ከታች አፍስሶ፥ ኮፈኑን አንሥቶ፥ ከራዲያተሩ ራስ ወደ ኋላ የተዘረጋውን የብረት ዘንግ ፈትቶ፥ የሁለቱን ቱቦዎች ማሰሪያ አላልቶ፥ በሻንሲው ላይ በግራና በቀኝ የያዙትን ሁለት ዳዶዎች መፍታት ነው። በእነዚህ ዳዶዎች ሥር ሞላ ያለ እንደ ሆነ፥ አዲሱን ሲያስሩ ሞላው እስኪጨፈለቅ ድረስ ማጥበቅ አይገባም፤ ሻንሲው በጐርባጣ መንገድ ሲጠማዘዝ ራዲያተሩ እንዳይቀደድ የሚጠብቀው ይኸው ሞላ ነውና።

ውሃው ሲሞላ ከቧንቧዎቹ የላይኛው ጫፍ በላይ መድረሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ዝቅ ካለ ዑደቱ ይቋረጥና ሞተሩ ውሃ እያለው ይፈላል። እስከ አፉ ቢሞሉትም ትርፉ በማፍሰሻው ቧንቧ ወጥቶ በራሱ ልክ ስለሚረጋ፥ በየጊዜው እየከፈቱ መጨመር አያሻም። የሞተሩን መፍላት አይተው ፓምፕ የሚጨምሩበት ባለቤቶች አሉ፤ እኔ ግን ክንፉ የለቀቀ ራዲያተር ውሃው ቢፈጥንለትም ሙቀቱን ወደ ነፋሱ የሚያደርስበት መንገድ የለውምና፥ ገንዘቡ ለአዲስ ራዲያተር ቢውል እላለሁ።